«ብግነት ብቻ ነው» ከተባልሽ ገና እፎይ አትበይ

እህቴ፣ «የአባቴ የድሮ የቃጠሎ ጠባሳ ከተከፈተ ሰባት ወር ሆነው። ናሙና ተወስዶ ብግነት ብቻ ነው፣ የካንሰር ሴል አልታየም ተባልን። እንረጋጋ ወይ?» ያልሽውን ሳነብ ደነገጥኩ። ብግነት ማለት ቁስሉ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ ይችኑ ወረቀት እኔም ይዤ ነበር። አትረጋጊ።

እማዬ የምትኖረው ዘጌ ነው። ልጅ ሆኜ አረቄ ስታወጣ እሳት ቀሚሷን ይዞት ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተቃጠለች። ጠባሳው 26 ዓመት ዝም ብሎ ኖረ። አንድ ቀን ቡና ስትለቅም እንጨት ቧጨራትና ተከፈተ። በዚያው አልዘጋም አለ።

1. የቁስሉን መሃል ሳይሆን ዳሩን እዪ። የእማዬ መሃሉ እርጥብ ነበር፤ ዳሩ ግን እንደ ዳቦ ቅርፊት ጠንክሮ ወደ ውጭ ተገልብጦ ነበር። ጨርቁን ስናነሳው ይደማ ነበር። ሽታው ጣና ዳር ፀሐይ ላይ የዋለ የዓሣ አንጀት ነበር።

2. ናሙናው ከየት ቦታ እንደተወሰደ ጠይቂ። የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ስለሆነ ቁጥሩን ልተወውና ላውራሽ።

አንቲባዮቲክ አራት ጊዜ ተቀያየረላት። በወሰደች ቁጥር መግሉና ሽታው ይቀንሳል፣ እኛም ዳነች እንላለን። ለካ የሚቀንሰው ከላይ የተደረበው ኢንፌክሽን ነው። ጸበልም ሄደናል፤ እሷ ጸበሉንም ክኒኑንም ነው የምትለው። በመጨረሻ ናሙና ተወሰደ፤ ከመሃል፣ ከሚያዠው ቦታ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል። ውጤቱን ለመውሰድ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «አልደረሰም» ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን የእማዬን ስም ፊት ለፊቷ ካለው ክምር ላይ ራሴ አይቼ አሳየኋት። ይቅርታ እንኳ የለም! ወረቀቱ «ሥር የሰደደ ብግነት፣ የካንሰር ሴል አልታየም» ይላል። በደስታ ከዚያው በባጃጅ ገበያ ሄጄ ዶሮ ገዛሁ። ከዚያ ዶሮ በኋላ አምስት ወር ተኛን።

ነገሩን የገለጠልኝ አንድ ወጣት ሐኪም ነው፤ ዕድሜ ይስጠው። «ከመሃል ከተወሰደ የሞተ ሥጋና ነጭ የደም ሴል ብቻ ሊታይ ይችላል፤ ካንሰሩ ዳሩ ላይ ሊኖር ይችላል» አለኝ። እኔ በደቦ ነው የገባኝ። ቁስል ሲኖር ነጭ የደም ሴሎች ለደቦ ይመጣሉ፤ ብግነት የሚሉት ይህንኑ ነው። ጀርም ለመግደል የሚረጩት ኬሚካል ግን የጤነኛውን ሴል ዘረመልም ይጎዳል። ቦታው እንዲሞላ ሴሎች እንዲባዙ ያደርጋሉ፣ አዲስ የደም ሥርም ያስበቅላሉ። ቁስሉ ሲዘጋ ደቦው ይበተናል። ለዓመታት ካልተዘጋ ሴሎቹ እየተጎዱም እየተባዙም ይቀጥላሉ፣ ስህተቱ ይከማቻል። ካንሰር ከተፈጠረ በኋላ ደግሞ ደቦ ጠሪው እሱ ይሆናል። ነጭ ሴሎቹን ይጠራና የደም ሥር ያስበቅሉለታል፣ የሚሰራጭበትን መንገድ ይጠርጉለታል። ስለዚህ ብግነትና ካንሰር አንድ ቁስል ላይ አብረው ይኖራሉ። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ቪርኾ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1863 በዕጢ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎችን አይቶ ሁለቱን አያይዟቸዋል። በጠባሳ ላይ የሚነሳውን ካንሰር ሐኪሞች የማርጆሊን ቁስል ይሉታል። አብዛኛው ጠባሳ እዚህ አይደርስም። ተከፍቶ አልድን ያለው ነው የሚያስፈራው።

ሁለተኛው ናሙና ከዳሩ አራት ቦታ ተወሰደ። ካንሰር ሆነ። እግሯ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቀድማ ብትመጣ ዙሪያውን አውጥቶ ቆዳ ማልበስ ይበቃ እንደነበር ሐኪሙ ሲነግረኝ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። እሷ ግን ይኸው ሦስት ዓመቷ ነው። ለክትትል ባሕር ዳር ስትመጣ ከጀልባ ደግፎ የሚያወርዳት ሰው አትፈልግም። ክራንቿን ቀድማ ወደ ዳር ታቀብልና «ዞር በሉ!» ትላለች።

የት ነበርኩ? 3. የአባትሽ ቁስል እግር ላይ ከሆነ ብሽሽታቸውን ዳስሺ። የማይጠፋ ንፍፊት ካለ ለሐኪሙ ሳይጠይቅሽ ንገሪው። ናሙናው ከዳሩ፣ ከአንድ በላይ ቦታ እንዲወሰድ አፍሽን ሞልተሽ ጠይቂ። ደፋር ቢሉሽም ይበሉሽ። ናሙናው የሚገባበት ዕቃ ውስጥ ያለው ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፈሳሽ) እንጂ ውሃ አለመሆኑን፣ ስማቸውም ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ መጻፉን እዪ። ዛሬ ማታ ጨርቁን ስትቀይሪ ከቁስሉ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም አድርገሽ ፎቶ አንሺ፤ በሳምንቱም ድገሚው። ዳሩ ተገልብጦ ካየሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የሐኪሙን የክትትል ቀን እነግርሻለሁ።