የእርግዝና ደም ግፊትና ራስን የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥ፦ አንቲቦዲ ከበሽታ የሚከላከልልን ፕሮቲን አይደል? እንዴት ግፊት ያመጣል?

መ፦ አንዳንዴ የገዛ አካላችንን እንደ ባዕድ ይቆጥራል። በፕሪኤክላምፕሲያ (ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ በሽንት ፕሮቲን የሚታጀብ ግፊት) ዋናው ተጠርጣሪ ኤቲ-1 የተባለውን የአንጂዮቴንሲን (የደም ሥርን የሚያጠብ ሆርሞን) ተቀባይ የሚይዘው አንቲቦዲ ነው። ተቀባዩን ይዘጋዋል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ያነቃዋል። ሆርሞኑ ሥራውን ሠርቶ ቶሎ ይጠፋል፣ አንቲቦዲው ግን ተጣብቆ ይቆያል። የደም ሥር ይጠባል፤ የእንግዴ ልጁም ኤስ-ፍልት-1 የተባለ ፕሮቲን አብዝቶ ይለቃል። ይህ ፕሮቲን የደም ሥርን ውስጠኛ ሽፋን የሚንከባከበውን ቪኢጂኤፍ ይዞ ያስቀራል። ኩላሊት ፕሮቲን የሚያሾልከው በዚህ የተነሳ ነው።

ጥ፦ ማስረጃው ጠንካራ ነው?

መ፦ በላቦራቶሪ፣ አዎ። በ1999 የበርሊን ተመራማሪዎች ከታማሚ እናቶች ደም የለዩት አንቲቦዲ የአይጥ ግልገል የልብ ሴሎችን ምት አፈጠነ። በ2008 ሂዩስተን ላይ ያው አንቲቦዲ ነፍሰ ጡር አይጦች ላይ ሲወጋ ግፊታቸው ጨመረ፣ ሽንታቸው ላይ ፕሮቲን ታየ፤ ይህንኑ ተቀባይ የሚዘጋው የግፊት መድኃኒት ሎሳርታን ሲሰጣቸው ችግሩ ቀነሰ። ይሁንና ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም በተቀነሰባቸው አይጦችም አንቲቦዲው ይፈጠራል። ስለዚህ መነሻ ብቻ ሳይሆን ውጤትም ሊሆን ይችላል ባይ ነኝ።

ጥ፦ ታዲያ ሎሳርታን ልውሰድ?

መ፦ በፍጹም! የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል፣ የእንሽርት ውሃ ያሳንሳል። ቀድሞ የምትወስጂው ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ በሜቲልዶፓ፣ በኒፈዲፒን ወይም በላቤታሎል ይቀየራል።

ጥ፦ ይህን አንቲቦዲ የት ልመርመር?

መ፦ የኤቲ-1 ምርመራ የምርምር ጉዳይ ነው፤ ገንዘብሽን አታውጪበት። የሚጠቅመው የአንቲፎስፎሊፒድ (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ሌሎች ራስን የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች) ምርመራ ነው፤ ሦስት ነው፦ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ አንቲካርዲዮሊፒን እና አንቲ-ቤታ-2 ግላይኮፕሮቲን-1። የሚታዘዘው ከ34ኛው ሳምንት በፊት ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ለገጠማት፣ ከ10ኛው ሳምንት በኋላ ፅንስ ለሞተባት፣ ውርጃ ለተደጋገመባት፣ ወይም ደም ለረጋባት ነው።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ፖዘቲቭ ውጤት አይበቃም፣ ኢንፌክሽንም ለጊዜው ፖዘቲቭ ያደርጋልና፤ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ይደገማል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጡት ሄፓሪንና ዋርፋሪን የሉፐስ አንቲኮአጉላንትን ውጤት ያዛባሉ፤ ከተቻለ ደሙ መድኃኒቱ ሳይጀመር ይቀዳ። ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች፦ ፕላዝማውን (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) በረዶ ከማድረጋችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ሴንትሪፉጅ አድርጉት፤ የቀረ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋ ሴል) ካለ ፖዘቲቩ ኔጌቲቭ መስሎ ያልፋል።

ጥ፦ ሁለቴም ፖዘቲቭ ወጣ። ከዚያስ?

መ፦ የተለመደው ዝቅተኛ አስፕሪን ከሄፓሪን መርፌ ጋር ነው፤ የሄፓሪኑ መጠን ቀድሞ ደም ረግቶብሽ እንደሆነ ይለያያል። አስፕሪኑ በቀን ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም፣ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ቢቻል ከ16ኛው በፊት። ዘግይቶ ሲጀመር ጥቅሙ ያንሳል፣ የእንግዴ ልጁ የደም ሥሮች የሚዘረጉት ቀደም ብለው ነውና። ምግቧ ካልሲየም ለሚያንሳት እናት በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም ተከፋፍሎ ይጨመራል። ከአይረን ክኒን ጋር ግን አንድ ላይ አይዋጥ፤ አይረኑን እንዳይመጠጥ ያደርገዋል።

ጥ፦ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት በሽታ) አለብኝ፤ ግፊቴ የሉፐስ ይሁን የእርግዝና በምን ይለያል?

መ፦ ያስቸግራል። ኮምፕሊመንት የተባሉት የደም መከላከያ ፕሮቲኖች መውረዳቸው፣ የአንቲ-ዲኤንኤ (ዲኤንኤን የሚያጠቃ አንቲቦዲ) መጨመርና በሽንት ውስጥ የቀይ ደም ሴል ካስት (በኩላሊት ቱቦ ውስጥ የተቀረጸ የሴሎች ጥርቅም) መታየቱ ወደ ሉፐስ ኩላሊት ያዘነብላል። የሉፐስ መድኃኒቱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከሆነ በእርግዝና አይቋረጥም።

ጥ፦ ከወለድኩ አለቀ?

መ፦ አላለቀም። ግፊት ከወሊድ በኋላ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ሊያሻቅብ ይችላል። 5 ደቂቃ አርፈሽ፣ ክንድሽን በልብሽ ልክ አድርገሽ ለኪ። 160/110 ከደረሰ፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም በቀኝ ጎድን ሥር ሕመም ከመጣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂጂ።