ስመ ጥር ትምህርት ቤት፣ ጥቂት አመልካች?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ስሙ ትልቅ ነው፤ አማካሪዋ ግን «ተይው፣ ከሌላ ስቴት የሚያመለክተው ጥቂት ነው» አላት። ጥሩ ከሆነ ለምን ይሸሹታል?

መልስ፦ እህታችን፣ ሸሽተውት አይደለም፤ በሩ ስለጠበበባቸው ነው። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮም ከዋሽንግተን ሌላ ለአላስካ፣ ለሞንታናና ለአይዳሆ፣ በኋላም ለዋዮሚንግ ሐኪም ያፈራል፤ አራቱ የራሳቸው የመንግሥት የሕክምና ትምህርት ቤት ስላልነበራቸው ለወንበሩ ከካዝናቸው ይከፍላሉ፣ ተመርቆ ገጠራቸው ገብቶ የሚያክምላቸው ልጅም ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከእነዚህ አምስት ስቴቶች ውጭ የሚመጣ አመልካች ብዙውን ጊዜ የሚታየው በችግር ያደገ ወይም ሐኪም ያጣ ሕዝብን በማገልገል የታወቀ ከሆነ ነው። የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤትማ የሚቀበለው ከሞላ ጎደል የራሱን ስቴት ነዋሪ ብቻ ነው!

ማመልከቻው ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ይከፈልበታል። ማን ገንዘቡን ይበትናል?

ልጅዎ መጀመሪያ ከየትምህርት ቤቱ የገቡት ስንቱ ከሌላ ስቴት እንደሆኑ ትይ። የሜሪላንድ ነዋሪነቷ እዚያው ሜሪላንድ ይጠቅማታል። «ሲያትል አክስት አለችኝ» ግን ነዋሪ አያሰኝም።