ቤቱ ሳይዘጋጅ ማንም ፎቶ እንዳያነሳ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልደታ ያለውን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ልትሸጡ ነው። ለማስታወቂያው ፎቶ ዕቃውን አውጥተን ባዶውን እናንሳ ወይስ እንዳለ እንተወው ነው ያልሽው። እኛ ጎተራ ያለውን የእናታችንን ቤት ስንሸጥ በዚሁ በፎቶ ጉዳይ ብዙ ተንገላተናል። ያንቺም ነገር ከኛ የሚለይ አይመስለኝምና ያየሁትን ልንገርሽ።

1ኛ. ባዶም አታድርጉት፣ እንዳለም አትተዉት። ባዶ ክፍል ፎቶ ላይ ጠቦ ነው የሚታየው፤ የግድግዳው ቆሻሻም ይጎላል። ግማሹን ዕቃ አውጡ። ሳሎን ውስጥ ሶፋው፣ ጠረጴዛውና አንድ ምንጣፍ ይበቃሉ። ብፌውን ዘመድ ቤት ውሰዱት። የኛ ብፌ ሲወጣ ሳሎኑ ሌላ ቤት ነው የመሰለው። ቁም ሳጥን ላይ የተደረደረውን ሻንጣ ሁሉ አውርዱ። የሰርግና የምረቃ ፎቶዎችንም ከግድግዳ ላይ አንሱ። የማያውቃችሁ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ የቤተሰባችሁ መልክ ምን ሊያደርግ ይዞራል?

2ኛ. የውሃ ነገር። በፈረቃ ስለምንኖር ሽንት ቤታችን በርሜልና ቢጫ ጄሪካን የሞላበት ነው። ለዚያ ቀን ጎረቤት አስቀምጡት። ሮቶ ካላችሁ ግን እጠቡትና ለብቻው አንሱት። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ከሴራሚኩ በፊት የሚጠይቀው ውሃ ነው። ወጥ ቤት ደግሞ ምጣዱ ያለበት ግድግዳ በእንፋሎት ይወይባል። ሙሉ ቤቱን መቀባት ካቃታችሁ ያቺን ግድግዳ ብቻ ቀቧት።

3ኛ. ማን እንደሚያነሳና መቼ እንደሚያነሳ እናንተ ወስኑ። እኛ የተጎዳነው እዚህ ላይ ነው። እናታችን ለአንድ የማሻሻጫ ቢሮ ቤቱን እንዲያሻሽጡላት ነገረቻቸው። የላኩት ልጅ ሳይደውል ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መጣ። መብራት ጠፍቷል። መጋረጃው አልተከፈተም። አልጋው ላይ የታጠበ ልብስ ተከምሯል። ታናሽ እህቴ "ትንሽ ጠብቀን፣ እናስተካክል" ብላ ለመነችው። "ሌላ የምሄድበት ቤት አለ" ብሎ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ወጣ። ማታውኑ ፎቶዎቹ ቴሌግራም ላይ ነበሩ። ይባስ ብሎ የቤቱ የባለቤትነት ካርታ ፎቶ አብሮ ተለቋል፤ የእናታችን ሙሉ ስምና የቤት ቁጥሩ አልተሸፈነም።

አጥፉልን ብለን ቢሯቸው ሄድን። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ሴት ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል "አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ቤት የሚሸጠው በቦታው እንጂ በፎቶው አይደለም" አለችን። እናቴ ይህንን የሰማችው ቆማ ነው። ወንበር የሰጣት የለም። የአንዲት እናት የዕድሜ ልክ ጥሪት እንዲህ ሲቀልባቸው ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

የተናገረችውም ልክ አልነበረም። ሌሎች ደላሎች ፎቶዎቹን እየወሰዱ በየቻናላቸው ለጠፏቸው። አንዳንዱ የራሱን ዋጋ ጻፈበት። ሊያይ የመጣ ሰው ገና በሩ ላይ ቆሞ "ቤቱ ጨለማ ነው አሉ" ይለናል። ቤቱን አስተካክለን በአዲስ ፎቶ ካወጣነው በኋላ እንኳ አንድ ገዢ ስልኩን አውጥቶ ያንኑ የድሮውን አሳየኝ። "ይሄ ያው ቤት አይደለም እንዴ? እዚህ እኮ በቅናሽ ነው ያለው" አለኝ። ምን ትመልሺለታለሽ? ዋጋ የወረደብን በዚህ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ሳያልቅ ካሜራ የያዘ ሰው በሩን እንዳያልፍ። ደላላው "እኔ አነሳዋለሁ" ካለሽ "ፎቶው ከኛ ይመጣል" በይው።

አዲሶቹን ያነሳው ታናሽ ወንድሜ ነው፣ በተራ ስልክ። በሱ ሥራ እስከዛሬ እኮራለሁ። መጀመሪያ መስኮቶቹ ወዴት እንደሚያዩ አየ። ሳሎኑ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ስስ መጋረጃውን ብቻ ጋርዶ አነሳው። ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ የሚያየውን መኝታ ቤት ግን ለእኩለ ቀን አቆየው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በዚያ መስኮት በቀጥታ አትገባም፤ ብርሃኑ ረጋ ያለ ነው። ያንቺ መስኮት ወደ ደቡብ፣ ወደ ቃሊቲ በኩል ከሆነ በበጋ ብርሃን አይቸግርሽም። ክረምት ከሆነ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ጠዋቱን ተጠቀሙ። ወንድሜ አምፖሎቹንም አጠፋ፤ ቢጫ መብራትና የቀን ብርሃን ሲደባለቁ ቀለሙን ያበላሹታል። የስልኩን ሌንስ ጠረገ። ጥግ ላይ ቆሞ፣ ስልኩን አጋድሞ፣ በደረቱ ልክ ቀጥ አድርጎ ያዘው። ካሜራው ላይ 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ አልተጠቀመም። እሱ ክፍሉን ያሰፋዋል፤ ግን ጠርዝ ላይ ያለውን ዕቃ ይለጥጠዋል። ሰው መጥቶ ሲያየው የተታለለ ይመስለዋል።

ቤቱን የገዛችው አሜሪካ ያለች ሴት ናት። ወንድሟን ልካ ስታሳይ በስልክ "ልክ እንደ ፎቶው ነው" ሲላት አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ጨለማ ያነሳ የለም፤ የቀረው የዋጋ ድርድር ብቻ ነበር።

ደረጃውንና ኮሪደሩንም አስጠርጉና አንሱት፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ሰው እሱን ማየት ይፈልጋል። ለደላላ ስትልኪ ቴሌግራም ላይ በፋይል ላኪው፤ በተራ ፎቶ ከላክሽው ጥራቱ ይወርዳል። ካርታውን ግን በፋይልም በፎቶም ለማንም አትላኪ። በአካል መጥቶ ቤቱን ላየና ከልቡ ለሚገዛ ሰው እዚያው እጅሽ ላይ አሳዪው።