የ150 ሲሲ ሞተር ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) ለ125 ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሞተሬ ሆንዳ ሲጂ 125 ናት። ዘይት መብላት ስለጀመረች አስፈትቻታለሁ፤ ፒስቶንና ፋሻም (የፒስቶን ቀለበት) አዲስ ገዝቻለሁ። መካኒኬ ግን «ከተፈታች አይቀር የ150 ቴስታታ እንግጠምባት፤ ቫልቩ ትልቅ ነው፣ የጣርማ በርን ዳገት እየዘፈነች ትወጣለች» ይለኛል። ልስማው?

መልስ፦ አትስማው ልጄ። ልፈርድበት አይደለም፤ እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ሞክሬ ደንበኛዬ በሦስተኛው ቀን እየገፋ መጥቶልኛል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ያንተ ሲሊንደር 124 ሲሲ ነው። ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከአናቱ የሚቀረው ቦታ 15 ሲሲ ተኩል ያህል ነው፤ 9 ለ 1 የምንለው እመቃ (ቤንዚንና አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) የሚመጣው ከዚህ ነው። የ150ው ቴስታታ የተሠራው ለሰፊ ሲሊንደር ስለሆነ ጉድጓዱ 18 ሲሲ ተኩል ይጠጋል። ያንተ ላይ ሲታሰር እመቃው ወደ 7.7 ይወርዳል። ጉልበት ልትገዛ ሄደህ ሸጠህ መጣህ ማለት ነው። ደግሞም ያንተ ሲሊንደር ስፋቱ 56.5 ሚሊሜትር፣ የዚያኛው 62 ነው። ጋርኒሲዮኑ (በሲሊንደሩና በቴስታታው መካከል ገብቶ የሚዘጋው) የቱ ላይ ሊያርፍ ነው? እስቲ ጠይቀው።

ጣርማ በር ላይ የምትደክመው አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ባሕር ዳርቻ ከሚገኘው አየር ሩብ ያህሉ የለም። ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) አውጥተህ እየው፤ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶባታል። የካርቡራተሩን ጂግለር (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር አሳንሰው።

ገንዘብህን በራስህ ቴስታታ ላይ አውለው። ካርቦኑን በእንጨት ፍቀው፤ በካቻቢቴ ከሆነ አሉሚኒየሙን ትቧጭረዋለህ። ከዚያ ካንዴላውን እሰርና ቴስታታውን ገልብጠህ ጉድጓዱን ቤንዚን ሙላው። ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ (ሲጋራ ይዘህ ግን እንዳትመጣ)። በአየር መግቢያው ወይም በጭስ መውጫው በኩል ካረጠበ ቫልቩ በደንብ አልገጠመም፤ መቀመጫው ላይ ይታሽ። ቫልቩን ትንሽ ገፋ አድርገህም ግራ ቀኝ ነቅንቀው። ከተወዛወዘ ቫልቩ የሚንሸራተትበት መሪ ቱቦ ተበልቷል። ዘይቱ በዚያም ሊገባ ስለሚችል አዲሱ ፋሻ ብቻውን አያድንህም። ሲገጠም በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.08 ሚሊሜትር ይሁን።

አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ከወረድክ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) እና ጋርኒሲዮን ብቻ ገዝተህ ውጣ። የ150ውን «እስቲ አሳየኝ» እንዳትል፤ ነጋዴው ያሳምንሃል።