ጥያቄና መልስ፦ ቤት ያፈራቸው የመዳሰስና የማሽተት ጨዋታዎች

መምህርቷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 16 ዓመት መዋዕለ ሕፃናት አስተምሬያለሁ። ልጆች በእጃቸው ዳስሰው፣ በአፍንጫቸው አሽትተው ስለሚጫወቱባቸው ነገሮች ጠይቁኝ። የልጁን ዕድሜ ግን አትርሱ።

የ3 ዓመት ልጅ እናት፣ ከጀሞ፦ ቲቸር፣ የሱቁ የመጫወቻ ሊጥ ተወደደብኝ። እኔ የምሠራው ደግሞ በ2 ቀን ይደርቃል። ምን ይሻለኛል?

መምህርቷ፦ እንኳን ጠየቅሽኝ! የሚደርቅብሽ ጥሬውን ስለምታቦኪው ነው። መብሰል አለበት። 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 2 ኩባያ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የ1 ሎሚ ጭማቂ። ድስት ውስጥ በደንብ በጥብጪውና ለስለስ ያለ እሳት ላይ ጣጂው። ከዚያ እንደ ገንፎ ማማሰል ነው። መጀመሪያ ይጓጉላል፤ አትደንግጪ፣ እጅሽንም አታሳርፊ። ትንሽ ቆይቶ የድስቱን ጎን እየለቀቀ ማማሰያው ላይ ይሰበሰባል። ያኔ አውጪው። ሲበርድ በእጅሽ እያሸሽ አለስልሺው። በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ካልተጣበቀብሽ ደርሷል። ለቀይ የቀይ ሥር ውሃ፣ ለቢጫ እርድ ይሆናል። እርድ ልብስ ከነካ አይለቅም፤ አሮጌ ቲሸርት አልብሺው። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆይልሻል። ከሻገተ ወይም ከሸተተ ይጣል።

ማብሰሉ ሌላም ጥቅም አለው። ጥሬ ዱቄት ጀርም ሊኖረው ይችላል፤ ልጅ ደግሞ መቅመሱ አይቀርም። የበሰለውም ቢሆን ጨው የበዛበት ስለሆነ አይበላም። ነክቶ ቢተፋው ችግር የለም፤ ብዙ ከዋጠ ግን ይጎዳዋል። አጠገቡ ተቀመጪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕሌይ ዶህ የሚባለው የሱቁ ሊጥ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የግድግዳ ወረቀት ጥላሸት ማጽጃ ነበር። ልጆች ሊጫወቱበት እንደሚችሉ ያየችው አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። በ1956 እ.ኤ.አ. መጫወቻ ሆኖ ገበያ ወጣ። ይህን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

አባት፣ ከሳሪስ፦ ለልጄ ሽምብራና ባቄላ ሳፋ ላይ ዘርግቼለት በማንኪያ እየቀዳ ይጫወታል። 1 ዓመት ከ2 ወሩ ነው። ጥሩ ነው?

መምህርቷ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። ዛሬውኑ አንሳው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አፉ ውስጥ የሚገባ ትንሽና ጠጣር ነገር አይሰጥም፤ ያንቃል። አፍንጫው ከገባ ደግሞ ሽምብራ እርጥበት ስቦ ያብጣል። ያኔ በጣት ልታወጣ አትሞክር፤ ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ። በቀጥታ ሐኪም ጋ ውሰደው። ከ3 ዓመት በላይም ቢሆን አጠገቡ ተቀመጥ።

አያት፣ ከደብረ ብርሃን፦ ልጄ፣ እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። እህል እንዴት መጫወቻ ይሆናል? እኛ የወደቀች ፍሬ ለቅመን ነው ያደግነው።

የመንታ እናት፦ እማማ፣ ዘመኑ ተለውጧል እኮ። ቲክቶክ ላይ ሁሉም ሩዝ ቀለም እየነከረ ነው።

አያት፣ ከደብረ ብርሃን፦ ሁሉም ቢያደርገው ነውርነቱ ይቀራል?

መምህርቷ፦ እኔ ከእማማ ጋር ነኝ። ጤፍና ሩዝ ክፍሌ ውስጥ ለጨዋታ አይፈስም። አሸዋ አለ፣ ደረቅ ቅጠል አለ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ አለ።

የመንታ እናት፦ ታዲያ ሊጡስ ዱቄት አይደለም?

መምህርቷ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም አስቤበታለሁ። ያን 2 ኩባያ ዱቄት ሳምንታት እጫወትበታለሁ፤ አይባክንም። ዱቄት ለቸገረው ቤት ግን ጭቃ ይበልጣል። እኛ ከጭቃ በሬ፣ ጀበና፣ ምጣድ ሠርተን አድገን የለ? ጠጠርና ስባሪ ጠርሙስ ልቀሙለት። ድመትና ውሻ የሚጸዳዱበትን አፈር አትንኩ፤ የሆድ ትል ያመጣል። ሲጨርስ እጁን በሳሙና።

እናት፣ ከአያት ሰፈር፦ ልጄ ቶሎ ይሰለቻል። የሚሆነው ጨዋታ ምንድን ነው?

መምህርቷ፦ ዕድሜው?

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ውሃ ውስጥ የሚያብጡት ባለቀለም ኳሶችስ? ልጄ 4 ዓመቷ ነው።

መምህርቷ፦ ቤትሽ አይግቡ። ከተዋጡ አንጀት ውስጥ አብጠው ይዘጋሉ፤ ራጅም ላይ ብዙ ጊዜ አይታዩም። እዚያው አሜሪካ ትልልቅ መደብሮች በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለልጆች መጫወቻነት መሸጥ አቁመዋል።

አባት፣ ከሐዋሳ፦ እንዲህ ያለ የመዳሰስ ጨዋታ ንግግር የዘገየበትን ልጅ ይረዳዋል?

መምህርቷ፦ ለዚህ የሕፃናት ሐኪም አሳየው። እኔ መምህር ነኝ።

የመንታ እናት፦ ለማሽተትስ ቲቸር? 4 ዓመታቸው ነው።

መምህርቷ፦ ጓዳሽን ክፈቺ! ቀረፋ፣ ኮረሪማ፣ ቅርንፉድ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ። እያንዳንዱን በስስ ጨርቅ ጥብቅ አድርገሽ ቋጥሪ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያሽትቱ። «ይሄ ሻይ ይሸታል» ይሉሻል፤ ቅርንፉዱ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ግን አይታሰብም። የነካ እጅ ዓይን ውስጥ ይገባል።

እናት፣ ከቦሌ፦ ሊጡ ስንት ኩባያ ዱቄት ነው?

መምህርቷ፦ እህቴ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

አባት፣ ከሳሪስ፦ ሽምብራውን አንስቻለሁ። በምትኩ ሳፋው ላይ ውሃ ባደርግለትስ?

መምህርቷ፦ ተባረክ። ውሃ ይወዳሉ። ግን ሕፃን በ5 ሳንቲ ሜትር ውሃም ሊሰጥም ይችላል። ስልክ ላንሳ ብለህ እንኳ አትነሳ። ሲያልቅ ወዲያው ድፋው። አጠገቡ ተቀመጥ!

የ3 ዓመት ልጅ እናት፣ ከጀሞ፦ እኛ ጋ መብራት ጠፍቷል። አሁን ምን ላጫውታት?

መምህርቷ፦ ለዚህማ ጨለማው ራሱ ይመቻል። ከረጢት ወይም የትራስ ልብስ አምጪ። ማንኪያ፣ ስኒ፣ ሎሚ፣ የጀበና ማቶት ክተቺበት። እጇን ሰድዳ በመዳሰስ ብቻ ትገምት። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የልጆች ቤቷን የከፈተች ሐኪም ናት፤ በእሷ ዘዴ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ዛሬም ይህን ጨዋታ ይጫወታሉ።

የ3 ዓመት ልጅ እናት፣ ከጀሞ፦ ሞከርነው። ማንኪያና ስኒውን አወቀች። ሎሚውን ግን «እንቁላል ነው፣ እንዳይሰበር» ብላ በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ አወጣችው።

መምህርቷ፦ ነገ የተቀቀለ እንቁላል ጨምሪበት። ሁለቱን ትለያቸው።