እንሰታችን ስለምን በአንጎላ ናሙና ተሰየመ?

ጥያቄ፦ ወልቂጤ አጠገብ፣ አሰት (እንሰትን በጉራግኛ እንዲህ እንላለን) ጓሮ ውስጥ ያደግሁ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የእንሰት ሳይንሳዊ ስም «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» እንደሆነ፣ ሁለተኛው ቃልም አንጎላ ከተገኘ ተክል እንደመጣ አነበብሁ። ተክሉን አልምተን ቆጮና ቡላ የምናደርገው እኛ ሆነን ሳለ ይህ እንዴት ሆነ?

መልስ፦ ልጄ፣ የደረቁ ዕፅዋት ለጥናት በሚቀመጡበት ናሙና ቤት በተቀጠርሁ ሰሞን እኔንም ያንገበገበኝ ነገር ነው።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 እዚህ ኢትዮጵያ ቆይቶ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ እንሰትን ከነሥዕሉ አወጣው። ስሙን ከሰው አፍ እንደሰማው «ኤንሴቴ» ብሎ ጻፈ፤ ከሙዝ ወገን እንዳልሆነም ተከራከረ። በዓመቱ ግን ጀርመናዊው ግሜሊን የብሩስን መጽሐፍ ይዞ ተክሉን ከሙዝ ደመረውና «ሙሳ ኤንሴቴ» አለው። ኦስትሪያዊው ቬልዊች ደግሞ አንጎላ ዕፅዋት ሲሰበስብ ያገኘውን እንሰት በ1859 «ሙሳ ቬንትሪኮሳ» ብሎ ሰየመ። ሆዱ የተነፋ ማለት ነው፤ የእንሰት ግንድ ከግርጌው እንዴት እንደሚወፍር አንቺ ታውቂዋለሽ።

በ1947 ቺዝማን የተባለ የሙዝ ተመራማሪ እንሰትን ከሙዝ ለይቶ «ኤንሴቴ» በሚባል በራሱ ወገን አስገባው። ብሩስ ልክ ነበር! ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው፤ የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የተክሉ የራሱ። በስያሜው ደንብ ቀድሞ የወጣው ሁለተኛ ስም ስለሚጸና «ኤንሴቴ ኤንሴቴ» መባል ነበረበት። የዕፅዋት ደንብ ግን አንዱን ቃል ሁለቴ መደጋገም ይከለክላል። (በእንስሳት ይፈቀዳል፤ «ጎሪላ ጎሪላ» የሚባል አለ።) ስለዚህ በዕድሜ የሚከተለው የቬልዊች ስም ተወሰደ። የእኛ ቃል ሁለተኛውን ቦታ ያጣው አንደኛውን ስለያዘ ነው። እኔ ይህን ስረዳ ንዴቴ በረደልኝ።

በሙሉ ስሙ መጨረሻ ቬልዊች በቅንፍ፣ ቺዝማን ከቅንፍ ውጭ ሆነው ታገኛቸዋለሽ። የቅንፉ ሰው ስሙን መጀመሪያ ያወጣው ነው፤ ከቅንፍ ውጭ ያለው ወደ አሁኑ ወገን ያዛወረው።

ለጥናትሽ ናሙና የምታደርቂ ከሆነ አንድ ምክር ልጨምር። የእንሰት ቅጠል ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ናሙና የሚለጠፍበት ወረቀት ግን 42 በ28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያዬን እንሰት ስቆራርጥ ቁጥር ሳልሰጥ ቀረሁና ጫፉና መሐሉ ተቀላቅሎብኝ የሁለት ቀን ድካሜ ተጣለ። አንቺ ከጫፍ፣ ከመሐልና ከግርጌ ቆርጠሽ ለእያንዳንዱ ወዲያው ቁጥር ስጪ። ወረቀቱ የማይዘውን፣ የተክሉን ቁመትና የግንዱን ዙሪያ፣ እዚያው ጓሮው ውስጥ ለክተሽ ጻፊ። እናትሽ ያንን የአሰት ዓይነት ለይታ የምትጠራበትን ስምም በራሷ አነጋገር መዝግቢልኝ። «ኤንሴቴ» ዛሬ በየናሙና ቤቱ የሚነበበው ብሩስ የሰማውን ቃል በመጻፉ ነው።