«አማቴ ቅቤውን ይዘው እየመጡ ነው»

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። አማቴ ሊያርሱኝ ከመንዝ ይመጣሉ። በስልክ «ለጋ ቅቤ አዘጋጅቻለሁ፤ ሕፃኑ እንደተወለደ ጥቂት ይዋጥ፣ አንጀቱ ይለሰልሳል» ይሉኛል። የመጀመሪያው ጡትም ሆድ ይነፋልና ታልቦ ይደፋ አሉኝ። ጎረቤቴን ደግሞ እንጥል የሚቆርጥ ሰው እንድታፈላልግ ነግረዋታል። ባለቤቴን ሳማክረው «አንቺና እማዬ ተነጋገሩ» ብሎኝ ይወጣል። እኚህን ሴት እወዳቸዋለሁ፤ ማስቀየም አልፈልግም። ምን ልበላቸው? ሌላው ጥያቄዬ፣ የደም ማነስ ክኒኑ ስለሚያቅለሸልሸኝ ከቡና ጋር ነው የምውጠው። ችግር አለው?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የገዛ እናቴ ናት የታየችኝ። በ1991 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሁለት ዓመት ሠርቼ ነበር። ለሰው ሁሉ «ከጡት በቀር ምንም አትስጡ» እያልኩ የማስተምረው እኔ ለእናቴ አንድ ቀን አልነገርኳትም። ታውቃለች ብዬ። በሦስተኛው ቀን ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ልጄን ጭኗ ላይ አጋድማ በጣቷ ቅቤ ስታስውጠው ደረስኩ። ወዲያው ትን አለው። ማምሻውን ትንፋሹ ይፈጥን፣ ጡቱን ይዞ ይተው ጀመር። አምስት ሌሊት በኦክስጅን አደርን። ቅባት ወደ ሳንባ ከወረደ በሳል በቀላሉ አይወጣም፤ እዚያው ሆኖ ሳንባውን ያቆስላል።

እናቴ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ «እናንተን ሁሉ በቅቤ አይደል ያሳደግኳችሁ?» ትል ነበር። እውነቷን ነው። ዘጠኝ ወልዳ ስድስት አሳድጋለች። ስለ ሦስቱ ያን ሌሊት አላነሳሁባትም።

ስለዚህ ነገሩን ምጥ ሳይመጣ ጨርሺው። የሚናገረውም ባልሽ ነው። እናቱ ናቸው፤ ከአንቺ አፍ ሲወጣ የምራት ጥጋብ ይመስላል፣ ከእሱ ሲሰሙት ግን የልጃቸው ቃል ነው። አማትሽ ቀደም ብለው ከመጡ ለክትትል ስትሄጂ ይዘሻቸው ሂጂ። አዋላጇ ፊት ለፊት ታስረዳቸው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ስሚ።

ስለ እንገሩ ብዙ ክርክር አያስፈልግሽም። ከብት ያረቡ ሰው ከሆኑ፣ እንገር ያልጠባ ጥጃ ምን እንደሚሆን ጠይቂያቸው። ያ ወፍራም ቢጫ ወተት ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነገር የያዘ ነው። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ የመጀመሪያ ቀን በአንድ ጊዜ የሚበቃው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥምና «ወተቴ አነሰ» ብለሽ አትደንግጪ። እስከ 6 ወር ውኃም፣ አብሽም፣ ስኳር በጥብጦ መስጠትም የለም።

እንጥሉን በተመለከተ ግን ልዝብ ቃል የለኝም። ያን ምላጭ ማን ላይ እንደዋለ አታውቂም። ስንት ሕፃን ደም ሲፈሰው፣ ጉሮሮው አብጦ መዋጥ ሲያቅተው በእጄ ተቀብያለሁ። መንጋጋ ቆልፍም በዚያው ቁስል ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እትብት ላይ እበት ማድረግን፣ ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥን፣ እንጥል መቁረጥን በስም እየጠራ፣ ሕፃኑን ለሞት ካበቁት ያስጠይቃል። ለአማትሽ ሕግ አታንብቢባቸው እንጂ፣ ለጎረቤትሽ ግን ንገሪያት።

ያው አንቀጽ ሕፃኑን ከፀሐይ መከልከልንም ይጠቅሳል። ዓይንና ምች ተፈርቶ እስከ ክርስትና ሕፃኑ ከጓዳ እንዳይወጣ የሚሉ ብዙ ናቸው። ሴት ከወለድሽ 80 ቀን ሳይሞላ የ45 ቀኑ ክትባት ይደርሳል፤ ያኔ «ሳትጠመቅ እንዴት ትወጣለች?» እንዳይመጣ ከአሁኑ ተነጋገሩበት። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ቢሲጂና የመጀመሪያው ፖሊዮ ክትባት እንደተወለደች ነው የሚሰጣት። የጠዋት ፀሐይ ማሞቁን ለአማትሽ ስጫቸው፤ ደስ ብሏቸው ይሠሩታል።

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ስለዚህ ሕፃኑ 24 ሰዓት ሳይሞላው አይታጠብ። ራቁት ደረትሽ ላይ አድርገሽ ከላይ ጋቢ ደርቢበት፤ ከዚያ የተሻለ ማሞቂያ የለም። ከሰል አራስ ቤት አይግባ። እትብቱ ላይ ጤና ጣቢያ ከሚሰጥሽ ክሎረሄክሲዲን ከሚባለው የእትብት ቅባት በቀር ምንም አይነካው። መጥባት እምቢ ካለ፣ ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቂ።

ቅቤውስ? ይምጣ እንጂ! ገንፎሽ ላይ ከበርበሬ ጋር ይገባል፣ አናትሽንም ይቀቡሽ። ከመንዝ ድረስ የተሸከሙት ነገር እንዲሁ ቢቀር እኔም እቀየማለሁ።

ክኒኑን ከቡና ጋር መዋጥ ግን ክኒኑን መጣል ነው። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ማታ እራት በልተሽ ልትተኚ ስትይ በውኃ ዋጪው፤ ብርቱካን ካገኘሽ አስከትይበት። ያኔ ማቅለሽለሹም ይቀልልሻል። ሰገራሽ ቢጠቁር ከክኒኑ ነው፣ አትፍሪ። ቡናውን ቢያንስ 2 ሰዓት አርቀሽ ጠጪ፣ በቀንም ከሁለት ሲኒ አትለፊ። አማትሽ ቤት ውስጥ እያሉ እንኳን ሁለተኛው ሦስተኛውም ይቀርብልሻልና በረካው ላይ «ሲስተር ከለከለችኝ» በያቸው፤ እኔን ቢቀየሙኝ ግድ የለም።